ወረርሽኙን ማን ያመለክታል? የዶሮና የከብት ተላላፊ በሽታዎችን የመለየትና የመከላከል ጥያቄ

ተላላፊ የእንስሳት በሽታን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ገንዘቡና ጉልበቱ በቅድሚያ ለምን ይዋል የሚለው ነው። አንዱ ወገን በሽታው በላቦራቶሪ ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ግምት ነው ይላል። ሌላው ላቦራቶሪው መልስ እስኪሰጥ ዶሮው ያልቃል፣ ስለዚህ መከላከሉ ይቅደም ባይ ነው። ሁለቱም የሚያቀርቡት ማስረጃ አላቸው። ክርክሩ ግን ከሁለቱም በፊት የሚመጣውን ሰው ዘሎ የሚያልፍ ይመስለኛል፤ የታመመችውን ዶሮ ወይም ላም መጀመሪያ የሚያየውን ባለቤት ማለቴ ነው። እሱ ካላመለከተ ላቦራቶሪው ናሙና አያገኝም፣ ክትባቱም ወዴት መላክ እንዳለበት አይታወቅም። ለማመልከት ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል። ክፉ ቀን ከተባለው ረሃብ ወዲህ ያለው የኢትዮጵያም የካናዳም ልምድ ወደዚህ ነጥብ ደጋግሞ ይመልሰናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በታራዴልና በአካባቢው ለሚኖር ኢትዮጵያዊም የሩቅ ወሬ አይደለም። የካልጋሪ ከተማ ከጥር 2022 ጀምሮ ነዋሪዎች በጓሯቸው ከሁለት እስከ አራት እንስት ዶሮ በፈቃድ እንዲያረቡ ፈቅዷል፤ ፈቃዱን የሚፈልግ ሰው ሥልጠና መውሰድና እንስሳቱ የሚኖሩበትን ቦታ በአልበርታ መዝገብ ማስመዝገብ አለበት። አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ዶሮ እርባታ ማቋቋሚያ ተብሎ ከዚህ የሚላከው ገንዘብም ፈንግል በተባለው የዶሮ በሽታ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ የሚችል ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ያለ ቋንጣና ቅቤ ድንበር ላይ ለመርማሪዎች መነገር ያለበትም የእንስሳት በሽታ ይዞ ሊገባ ስለሚችል ነው፤ ካናዳ ይህን የተማረችው ከፍላ ነው።

ከክፉ ቀን እስከ ደስታ መጥፋት

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣሊያ ጦር በምፅዋ በኩል ያስገባቸው ከብቶች ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ ይዘው መጡ። በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቀይ ባሕር ዳር ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተዛመተ። በኢትዮጵያ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበትና ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ሆነ። በዚያ ጊዜ የበሽታውን መንሥኤ በእርግጠኝነት የሚያውቅ በዓለም ላይ አልነበረም፤ ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር መሆኑ በኢስታንቡል ቤተ ሙከራ የተረጋገጠው በ1902 ነው።

ክትባቱም ዘግይቶ መጣ። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ በሴል ላይ ያሳደገው ክትባት አንድ ጊዜ ከተሰጠ ከብቱን ዕድሜ ልኩን የሚከላከል ሆነ። በዚህ ክትባት ከ1962 እስከ 1976 የተካሄደው አፍሪካ አቀፍ ዘመቻ በሽታውን ከአብዛኛው የአህጉሩ ክፍል አጠፋው፣ ቢያንስ ሁሉም እንደዚያ አመነ። ዘመቻው ሲያበቃ ግን የቀሩትን የበሽታ ኪሶች የሚከታተል አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ እንደገና አፍሪካን አጥለቀለቀ። መከላከል ብቻውን ያደረሰው እዚህ ድረስ ነው፤ ቆጥሮ ሳይጨርስ ያቆመ ዘመቻ የተረፈውን በሽታ አላየም።

ሁለተኛው ዙር ዘመቻ የተለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለሳምንታት እንዲቆይ ተደርጎ መሠራቱ ነው። ሌላው፣ ከዚህ ዳሰሳ አንጻር ዋናው፣ በአፋር አርብቶ አደሮች መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ክትባቱን በራሳቸው መስጠታቸው ነው። የመንግሥት መኪና የማይደርስበት ቦታ እነሱ ደረሱ። አርብቶ አደሩ ደስታን ከሌላ በሽታ የሚለይበትን የራሱን እውቀትም ሐኪሞቹ እንደ ማስረጃ ይቀበሉ ጀመር፤ የትኛው መንጋ መቼ እንደታመመ፣ ከየት እንደመጣ፣ እንባውና ተቅማጡ በስንተኛው ቀን እንደጀመረ ይጠየቅ ነበር። በአፋር ከ1995 መጨረሻ ወዲህ ወረርሽኙ አልታየም። ኢትዮጵያ በ2008 ነፃ ተባለች፣ ዓለም በ2011። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ላይ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ደስታ ነው።

በዚህ ታሪክ መጨረሻ አካባቢ የተከሰተ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሽታው መጥፋቱን ለማረጋገጥ ክትባቱ መቆም ነበረበት። በደም ውስጥ የሚገኘው አንቲቦዲ ከክትባት ይምጣ ከበሽታ በምርመራ መለየት አይቻልም ነበርና፣ እየከተቡ በሽታ የለም ብሎ መመስከር አይሆንም። ምርመራና መከላከል እዚህ ላይ ተጋጩ። ይኸው ግጭት ዛሬ በወፍ ጉንፋን ክትባት ላይ ተመልሶ መጥቷል።

ፈንግል፦ ምርመራው ለማን ይጠቅማል?

በኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አለ፤ አብዛኛው በየገበሬው ጓሮ እየጫረ የሚያድር የአገር ዶሮ ነው። የዚህ ዶሮ ዋና ጠላት ፈንግል ነው። ዶሮዋ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፤ ቶሎ ካልሞተች አንገቷ ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ሬሳዋ ሲከፈት ከጨጓራዋ ከፍ ብሎ ያለው እጢያማ ከረጢት ውስጠኛው ገጽ ላይ ነጠብጣብ የደም ምልክት ይታያል። ለብዙ ባለሙያ ይህ ይበቃዋል። ችግሩ አደገኛው የወፍ ጉንፋንም ተመሳሳይ ምልክት ማሳየቱ ነው። የዶሮ ኮሌራና የዶሮ ታይፎይድም መንጋን በድንገት ይጥላሉ፤ ገበሬው ሁሉንም ፈንግል ይላቸዋል። በዓይን የሚደረግ ምርመራ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ልክ የማይሆንበት ቀን ግን ከሁሉ የከፋው በሽታ የገባበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ላቦራቶሪው የሚያደርገው ቢታይ ገደቡም ይገባል። ለአንቲቦዲ ምርመራ ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ የዶሮዋ ደም ሴረም እየቀጠነ ይደረደራል፣ የታወቀ ቫይረስ ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ። አንቲቦዲ ካለ ቫይረሱን ይይዘዋልና የደሙ ሕዋስ ወደ ታች ወርዶ እንደ ቀይ ቁልፍ ይቀመጣል፤ ከሌለ ቫይረሱ ሕዋሱን አያይዞ እንደ ስስ መጋረጃ ይዘረጋዋል። ምርመራው ርካሽና ግልጽ ነው። የሚናገረው ግን ዶሮዋ ከቫይረሱ ወይም ከክትባቱ ጋር ተገናኝታ ታውቃለች የሚለውን ብቻ ነው፤ ዛሬ የገደላት እሱ መሆኑን አይናገርም። ለዚያ ቫይረሱን ራሱን ማግኘት፣ ገዳይ ዝርያ መሆኑንም በፒሲአርና በጂን ንባብ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ በሰበታው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠራል። ባሕር ዳርና ኮምቦልቻን የመሳሰሉ የክልል ላቦራቶሪዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ናሙናው ግን በበረዶ ሳጥን፣ ሳይበላሽ፣ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። መልሱ ሲመጣ መንጋው ብዙ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ምርመራ የምንለው ነገር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች መሆኑን መለየት ያሻል። አንዲት ላም ወይም አንድ በሬ የታመመበትን አውቆ ለማከም የሚደረግ አለ። መንጋውን ለማዳን፣ ማለትም የቀሩትን ለመለየት፣ ለመከተብ ወይም ለማስወገድ የሚደረግ አለ። በአገር ውስጥ የትኛው በሽታ የት እንዳለ ለማወቅ የሚደረግም አለ። ለከብት የመጀመሪያው ትርጉም አለው፤ በሬ ውድ ነውና። ለዶሮ የመጀመሪያው ከንቱ ነው፤ ፈንግል መድኃኒት የለውም። ሦስተኛው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሚደርሰው ለጎረቤት፣ ለወረዳውና ለአገሩ ነው። ዶሮዎቿ ያለቁባት ሴት ከላቦራቶሪው መልስ የምታገኘው ምንም የለም። የክርክሩ ሥር እዚህ ነው ያለው ባይ ነኝ፤ ወጪው የአንዷ፣ ጥቅሙ የሌላው።

ከዚህ አንጻር የገበሬው ሥራ ሁሉ ምክንያታዊ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ የሚሞከረው ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ከመድኃኒት መደብር የተገዛ የቴትራሳይክሊን እንክብል ነው። እንክብሉ ቫይረስ አይገድልም፤ በባክቴሪያ የመጣ በሽታ ሲሆን ግን አንዳንዴ ይረዳል፣ ይህም እምነቱን ያጸናዋል። ሁለት ሦስት ዶሮ ሲሞት የቀሩት ሳይታመሙ ገበያ ይወሰዳሉ ወይም ይታረዳሉ። የዶሮ ገበያ በሚደምቅበት የበዓል ሰሞንና በክረምቱ መግቢያ ፈንግል የሚበረታው በከፊል በዚህ ነው። የእንስሳት በሽታን ስለ መከላከልና መቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 267 ማመልከትን ግዴታ አድርጓል። ሆኖም ባለቤቱን የሚመራው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ማመልከት ዶሮዎቹን የሚያሳጣ፣ ዝም ማለት ደግሞ የቀሩትን ለመሸጥ የሚያስችል ከሆነ የሚመርጠው ይታወቃል።

ክትባቱ ይበቃል የሚለው አቋም

ሳይመረመርም ይከተብ የሚሉት ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ፈንግል በአገሩ ሁሉ አለ፤ ያለን በሽታ አለ ለማለት ገንዘብ ማውጣት ምን ይፈይዳል? የቢሾፍቱው የክትባት ተቋም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ለፈንግል ኤችቢ1፣ ላሶታና ሙቀት የሚችለውን አይ-2 ያመርታል። አይ-2ን ያገኙት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሲሆኑ ዓላማቸውም የገጠር ዶሮ ነበር። አሰጣጡ ቀላል ነው። ዶሮዋን አቅፎ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ማዘንበል፣ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ማንጠብጠብ፣ ዓይኗን እስክትጨፍንና ጠብታው እስኪሰርግ መያዝ። በየአራት ወሩ ይደገማል። በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መንደሮች የሠለጠኑ ሰዎች በትንሽ ክፍያ ይህን እየሠሩ የዶሮ ሞትን በግልጽ ቀንሰዋል። ለፈንግል ይህ አቋም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክትባቱን ለመጀመር የላቦራቶሪ ወረቀት መጠበቅ አይገባም።

የማይበቃበት ቦታ ግን አለ። አንድ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮና ከዚያ በላይ የሚሆን ነው፣ ቤተሰቡ ያለው አምስት ወይም አሥር ነው። ከተከፈተ ማቆየት ስለማይቻል መንደሩ አንድ ቀን ካልተስማማ ክትባቱ ይደፋል። ከዚህ የሚብሰው ክትባት ሳይሠራ ሲቀር ለምን እንዳልሠራ ለማወቅ አለመቻል ነው። ጉምቦሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዴላዌር የታወቀው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪፖርት የተደረገው በ2002 በቢሾፍቱ የንግድ እርባታ ነው። የጫጩቶችን መከላከያ የሚያመርተውን አካል ስለሚያጠፋ የተረፉት ጫጩቶች የፈንግል ክትባት ቢወስዱም በቂ አንቲቦዲ አይሠሩም። የጉምቦሮ ክትባት ራሱ ደግሞ ከእናቲቱ በእንቁላል የወረደው አንቲቦዲ ሳይጎድል ከተሰጠ ይከሽፋል፣ ከዘገየ በሽታው ይቀድማል። ስለዚህ በፈንግል ክትባት የታመነ መንጋ ሲያልቅ ባለቤቱ ክትባቱን ይወቅሳል፣ ሻጩ ማቀዝቀዣውን፣ ሐኪሙ ባለቤቱን። ምርመራ ከሌለ ክርክሩ መቋጫ የለውም።

ከክትባቱ ጋር የሚመጣ ጥልቅ ያለ ጥያቄም አለ። የዶሮ ክትባቶች አብዛኞቹ ሞትን ይከላከላሉ እንጂ ቫይረሱ በዶሮዋ ውስጥ እንዳይራባ ፈጽመው አይከለክሉም። ተመራማሪው አንድሩ ሪድና ባልደረቦቹ ማሬክ በተባለው የዶሮ በሽታ ላይ በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የተከተቡ ዶሮዎች ሳይሞቱ እጅግ ገዳይ የሆነውን ዝርያ ለረጅም ጊዜ ሲያሰራጩ አሳይተዋል፤ ያልተከተቡት ግን ቫይረሱን ሳያስተላልፉ ቶሎ ሞቱ። ከዚህ ተነሥቶ ክትባት ይቁም የሚል ሰው አለ። እኔ አልስማማም፤ ተመራማሪዎቹም እንዲህ አላሉም። የጥናቱ ትርጉም የተከተበ መንጋ ከክትትል ነፃ አይደለም የሚል ነው። ክትባት ሲስፋፋ የምርመራ ፍላጎት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህም የሌማት ትሩፋት በተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ዘመን ጠቃሚ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዝርያ ጫጩት በየወረዳው እየተከፋፈለ ነውና የአንድ ማሳደጊያ ስሕተት በአንድ ወር ውስጥ ብዙ መቶ ቤቶች ይደርሳል።

ካናዳ፦ ምርመራ ሲቀድምና ሲዘገይ

ካናዳ የቆመችው በተቃራኒው መንገድ ላይ ነው። በአገሩ የሌለ በሽታ ሲገባ ፈጥኖ መለየት፣ የታመመውን መንጋ ማስወገድ፣ ዙሪያውን መዝጋት፣ ለባለቤቱ በሕግ ካሳ መክፈል። መንገዱ ውጤታማ የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ጥርጣሬ በጊዜ ሲነገርና በጊዜ ሲመረመር ነው። በሳስካችዋን ሬጂና አጠገብ በ1951 መጨረሻ ከብቶች አፋቸውና ኮቴያቸው ሲቆስል ባለሙያዎች ቀለል ያለ ሌላ በሽታ ነው ብለው አሰቡ። አፍተ እግር መሆኑ የተረጋገጠው በየካቲት 1952 ነው፤ እስከዚያ ተዛምቶ ነበር። ከአውሮፓ በመጣ ሰው ሻንጣ ከገባ የሥጋ ውጤት ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። በ2003 ደግሞ በአልበርታ አንዲት ላም በጥር መጨረሻ ስትታረድ ለሰው ምግብ አትሆንም ተብላ ተጣለች፤ ናሙናዋ ወረፋ ሲጠብቅ ቆይቶ የእብድ ላም በሽታ መሆኑ የታወጀው ግንቦት 20 ቀን ነበር። በዚያው ቀን አሜሪካ ድንበሯን ለካናዳ ከብት ዘጋች፣ የአልበርታ ከብት አርቢም ለዓመታት ተጎዳ። ሁለቱም ጊዜ ሐኪምም ላቦራቶሪም ነበር። የጎደለው ጥርጣሬውን አስቸኳይ የሚያደርግ ምክንያት ነው።

በ2004 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፍሬዘር ሸለቆ የወፍ ጉንፋን ሲገባ ወደ 17 ሚሊዮን ዶሮና ሌላ የቤት ወፍ ተወገደ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከዱር ወፎች ጋር የመጣው ኤች5ኤን1 የተባለ የወፍ ጉንፋን ዝርያ በ2022 አልበርታ ደርሶ የንግድ እርባታንም የጓሮ ዶሮንም አጠቃ። ማስወገድ ትክክል ነው ወይ የሚለው ክርክርም ተፋፋመ፤ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የአንድ ሰጎን እርሻ ባለቤቶች የተረፉት ወፎቻችን በሽታውን ችለዋልና አይገደሉ ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በ2025 አቤቱታቸው ሳይሰማ ቀረ፣ ወፎቹም ተገደሉ። የባለቤቶቹ ሐዘን እውነተኛ ነው። ነገር ግን ተርፎ ጤነኛ የሚመስል ወፍ ቫይረስ አይዝም ብሎ ዋስ መሆን የማይቻል ስለሆነ ይወገዱ ያለውን የመንግሥት አካል ውሳኔ ስሕተት ለማለት አልደፍርም።

ካሳው፣ ወጪውና ያልተቋጨው

የካናዳው ካሳ በኢትዮጵያ አይሠራም የሚለው ተቃውሞ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ ለሚሞት ዶሮ ሁሉ የሚከፍል ካዝና የለም። እውነት ነው፤ ደግሞም መከፈል የለበትም። ፈንግል በአገሩ ሁሉ ስላለ እያሳደዱ ማስወገድ ትርጉም የለውም፣ ካሳ የሚያስፈልገውም ጤነኛውን ዶሮ መንግሥት ሲያስወግድ ነው። ለፈንግል የሚሆነው ምላሽ ሌላ ነው፤ ያመለከተች ሴት ጎረቤቶቿ በዚያው ሳምንት ክትባት ቢያገኙ፣ እሷም በሚቀጥለው ዙር የተከተበ ጫጩት በቅድሚያ ቢሰጣት ማመልከት ትርጉም ይኖረዋል። ጫጩቱ እንደሆነ እየተከፋፈለ ነው። የአፋሩ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነበር፤ የተናገረ ክትባት አገኘ። ሌላው ተቃውሞ ሰው ካሳ ለማግኘት ሆን ብሎ በሽታ ያስገባል የሚለው ነው። የካናዳ ሕግ ለዚህ ያበጀው መልስ ሕጉን የጣሰ ባለቤት ካሳውን ሊከለከል ይችላል የሚል ነው። በየጓሮው ይህን መቆጣጠር ግን ከባድ መሆኑን አልክድም።

ከገበሬው በላይ ያለውም ዝም የሚልበት ምክንያት አለው። በ1998 ዓ.ም. በጉራጌ ጉብሬ በሚገኝ የመንግሥት ዶሮ ማባዣ ብዙ ጫጩት ሲሞት የወፍ ጉንፋን ገባ ተብሎ ተወራ። ምርመራው አይደለም አለ። የዶሮ ዋጋ ግን ቀድሞ ወድቆ ነበር፤ አንድም የታመመ ዶሮ የሌላቸው ቤተሰቦች ከሰሩ። ከዚህ በኋላ የወረዳ ባለሙያ ጥርጣሬውን ከመጻፉ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያስብ ይፈረድበታል? ጥርጣሬን በአደባባይ ሳያውጁ በፍጥነት መመርመር፣ ከዚያም መልሱን፣ አይደለም የሚለውን ጭምር፣ ሳይዘገዩ መናገር ይጠይቃል። ይህን ማን በምን ያህል ሰዓት ውስጥ መሥራት አለበት የሚለው አሁንም የተግባር መልስ የሚፈልግ ነው።

የወፍ ጉንፋን ክትባት ደግሞ በብዙ አገር ያልተቋጨ ጉዳይ ነው። ፈረንሳይ በጥቅምት 2023 ዳክዬዎቿን መከተብ ስትጀምር አሜሪካና ካናዳ የተከተበ ወፍ በሽታውን ሊደብቅ ይችላል ብለው ገበያቸውን ገደቡ። የተከተበን ከታመመ የሚለይ ምርመራ ዛሬ አለ፤ ደስታን ለማጥፋት በተሠራበት ዘመን ያልነበረ መሣሪያ ነው። ያም ሆኖ በየመንጋው ናሙና እየወሰዱ መመርመርን ይጠይቃል። ዶሮ ወደ ውጭ ለሚልክ አገር የንግዱ ገደብ ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ዶሮ ግን የሚበላው አገር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሰሜን አሜሪካው የንግድ ሥጋት ለአዲስ አበባ ውሳኔ ትልቅ ክብደት ሊኖረው አይገባም። ክብደት ያለው የናሙናው ወጪ ነው፤ ከአንድ ቀበሌ ተነሥቶ ሰበታ እስኪደርስ የበረዶውን፣ የመኪናውንና የባለሙያውን አበል የሚከፍለው ወረዳው ይሁን፣ ክልሉ ወይስ ጫጩቱን የሚሸጠው ድርጅት። የትኛውም ክፍፍል ቢመረጥ በሽታው ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ናሙናው በወረዳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል።